ሩዙን ያልነካው አማች

አቡ ቁሰይ ከበጉ ትከሻ የቦጨቀውን ሥጋ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ የተጣበቁበትን የሩዝ ፍሬዎች በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ያራግፋል። በትልቁ ትሪ ዙሪያ የቆሙት ወንዶች ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ አጥፈው በቀኛቸው ሲጎርሱ፣ እሱ ገና ምንም አልዋጠም።

"ሩዙም የአላህ ፍጥረት ነው፤ ሰላም በለው እንጂ" አለው ከጎኑ የቆመው የሚስቱ ወንድም ናጂህ።

"ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። አታስታርቀን።"

በአፉ ይቀልድ እንጂ ጀርባውን አልቦታል። አቡ ቁሰይ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነው፤ ቀድሞ በዮርዳኖሷ ከተማ በከረክ ጠመዝማዛ ዳገቶች ላይ መሪውን የሚያዞረው ከእጁ ይልቅ ቦርጩ ነበር። ሐኪሟ ስኳሩ የት እንደደረሰ በነገረችው ማግስት ከዳቦ፣ ከሩዝና ከጣፋጭ ተፋትቶ ሠላሳ አራት ኪሎ አራገፈ። ማራገፉስ ደግ ነበር፤ ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል። ጣጣው የመጣው ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው። ኪሎው እንዳይመለስ በየቀኑ ዘብ ለሚቆም ሰው ማንም አያጨበጭብም። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ከስቶ ሁለት ጊዜ ብሶበት ወፍሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ የጀመረው "አንዲት ጉርሻ ምን አላት?" ብሎ ነው። አንዲቷ ጉርሻ እህቶቿን ትጠራለች፤ እህቶቿ ትሪውን ሙሉ ናቸው።

የዛሬው ትሪ ደግሞ እንደ ሌላው ትሪ አይታለፍም። የልጁ የዱሐ እጮኛ አባት፣ አቡ ጢራድ፣ ለአማቾቹ ክብር ሁለት በግ አርዶ ሠላሳ ሰው ጠርቷል። ዱሐ የፋርማሲ ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። አቡ ጢራድ ግን ሠርጉ ከሐምሌ አያልፍም ብሎ ድርቅ ብሏል፤ ከሠርግ በኋላ ምራቱን ዩኒቨርሲቲ እንደማይልካትም ሁሉም ያውቃል። ጠዋት የአቡ ቁሰይ ሚስት፣ ኡም ቁሰይ፣ በሩ ላይ አቁማው የልጅቷን ነገር ዛሬ እንዳያነሳ፣ ስለ አመጋገቡም ሰው ቤት ሄዶ እንዳይሰብክ አስምላዋለች። ዱሐ ኮሌታውን አስተካክላለት ወደ ክፍሏ ገባች።

አቡ ጢራድ እንግዶቹን እየዞረ ሲያስተናግድ አጠገቡ ደረሰና በፊቱ ትኩስ የእርጎ መረቅ አፈሰሰ። መረቁ ሩዙን አርሶ፣ ከአቡ ቁሰይ ጣቶች ላይ ወርዶ፣ የተጸዳውን ሥጋ መልሶ በሩዝ አለበሰው። የልፋቱ ሁሉ መና መቅረት አናዶት ሥጋውን ትሪው ላይ አኖረው።

እጆች ሁሉ ባሉበት ቆሙ።

ምግብ ሳይቀምስ መልሶ ያኖረ እንግዳ ጥያቄ አለው፤ እሺ እስኪባልም አይቀምስም። ይህን የማያውቅ ሕፃን በከረክ አይገኝም። አቡ ቁሰይ ራሱ ያወቀው ካኖረው በኋላ ነው።

"አማቼ" አለ አቡ ጢራድ የመረቁን ማንቆርቆሪያ አስቀምጦ። "ቤቴ ገብተው ማዕዴን አልቀመሱም። ይናገሩ።"

ናጂህ ነገሩን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አቡ ቁሰይ እግሩን ረገጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘመድ ሲስቅበት የኖረው ሩዝ፣ ሽማግሌ የማይከፍተውን በር ከፍቶለት ቆሟል።

"ዱሐ ትምህርቷን ትጨርስ" አለ። "ሠርጉ ከዚያ በኋላ ይሁን።"

አቡ ጢራድ ጢሙን ዳሰሰ። ሠላሳ ሰው ያየዋል።

"እኔ ደግሞ ልጅቷን ሊከለክሉኝ መስሎኝ ልቤ ወልቆ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ትጨርስ። ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። አሁን ይብሉልኝ።" በገዛ እጁም እንቁላል የምታህል የሩዝ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋለት።

ካልጎረሰ ቃሉ ይፈርሳል። ጎረሰ።

ቅቤው፣ የእርጎው ኮምጣጣነት፣ የሩዙ ልስላሴ ምላሱ ላይ አንድ ላይ ቀለጡ። ሁለት ዓመት ዘብ የቆመበት ጠላት እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን ረስቶት ኖሯል። ሳያዝዛት እጁ ወደ ትሪው ተመለሰች፤ ጣቶቹ ትኩሱን ሩዝ ነክተው መጠቅለል ጀመሩ።

"አይ ሰውዬው" አለ ናጂህ በሹክሹክታ። "ጉድህ ፈላ።"

አቡ ቁሰይ ጣቶቹን አያቸው። የመጀመሪያዋ ለዱሐ ነበረች። ይህችኛዋ ለማን ናት?

ሩዙን ለቀቀው። ከላይ ከነበረው ጭን ወፈር ያለ ሥጋ ቆርሶ፣ ተረጋግቶ አላመጠ፤ ሌላም ደገመ። ከዚያ ማዕዳችሁ አይጉደል ብሎ መርቆ ከትሪው ራቀና ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና አጠበ።

ከውስጥ ከናፌ የሚሉት ትኩስ ጣፋጭ ቀርቦ ስሙን እየደጋገሙ ይጠሩታል። እሱ እጁን ሱሪው ላይ አደራርቆ ስልኩን አወጣ።

"ዱሐ፣ ለመስከረም ሂጂና ተመዝገቢ" አላት።