ባለ አንድ ጭራ ቃላት

እንቁ እንግሊዝኛን የያዘችው እንደ ፊደል ገበታ ነው። "ሀ ሁ ሂ አንድ ቤት ከሆነ፣ ፈረንጅስ ቤት የለውም እንዴ?" ብላ ቃላቱን በጭራቸው ትሰበስባቸዋለች። ናይት፣ ላይት፣ ፋይት፣ ፍላይት፤ የአራቱም መጨረሻ አይ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ነው። ከቁርስ ካርቶን በቀደደችው ቁራጭ ላይ ጭራውን አንዴ ትጽፍና፣ ከፊቱ የሚለዋወጡትን ፊደሎች በትንንሽ ቁርጥራጭ ታዘጋጃለች። መሃል ላይ ያሉትን ጂ እና ኤችን ግን አትወዳቸውም። "ድምፅ የላቸው፣ ሥራ የላቸው፤ ቀበሌ የተቀጠሩ ይመስላሉ" ትላለች።

አስጠኚዋ እኔ ነበርኩ። ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እሷ አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ እኔ ዘጠነኛ። ወደዚህ አገር አሥር ዓመት ቀድሜያት ስለመጣሁ ብቻ ራሴን ፕሮፌሰር አድርጌ ሾሜያለሁ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር ወደ እሷ እወጣለሁ፤ ካርቶኗን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ለእያንዳንዱ ቃል ዓረፍተ ነገር መሥራት ግዴታዋ ነው። ስትስት እጮሃለሁ፣ ስታገኝም እጮሃለሁ፤ ጠባዬ ነው።

የምትማረው ለወግ አልነበረም። በስደተኛ ወረቀት አገሯ መግባት አትችልም፤ ሲቲዝን መሆን አለባት። ለዚያ ደግሞ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የእንግሊዝኛውን ሌቨል ፎር ፈተና ማለፍ አለባት። ደብረ ብርሃን ያሉት እናቷ እማማ አበራሽ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ልባቸው ደክሟል። ከተለያዩ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እሁድ እሁድ ስትደውልላቸው፣ ሰላምታው ሳያልቅ "ፈተናሽ ደረሰ ወይ?" ይሏታል።

ጥቅምት ላይ አንድ ሐሙስ ጠዋት ወንድሟ ስለሺ ከደብረ ብርሃን ደወለልኝ።

"እህቴ፣ እናታችን ዛሬ አረፈች። መርዶውን እንደምታውቁት አድርጉት።"

ወጉ እንደዚህ ነው። መርዶ ለባለቤቱ አይደወልም፤ ለወዳጅ ይነገርና ወዳጅ ሰው ሰብስቦ በማለዳ ያረዳል። ወዳጇ እኔ ነኝ። ፈተናው ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

"ከፈተናው በኋላ ይሁን" አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። የንስሐ አባቷ ቀሲስ ወልደገብርኤል "ልጄ፣ አይዘገይም?" ቢሉኝ፣ "አባቴ፣ አሁን ከሰማች ትወድቃለች፤ እንደገና ለመፈተን ስድስት ወር ነው" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ተዉኝ። የእንቁ ልጅ ሐሴት ግን አልተወችኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጇ ድረስ ሄጄ ነገርኳት፤ ከስድስት ዓመቷ ወዲህ በስልክ ብቻ ለምታውቃቸው አያቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

"አንቲ፣ ዚስ ኢዝ ሮንግ። እናቷ እኮ ናት! ዛሬ እንንገራት።"

"አንቺ ልጅ፣ መርዶ እንደ ቴክስት አይላክም። ለእኔ ተይው።"

"ይቅር አትለንም" አለችኝ። ልጅ ናት ብዬ ናቅኳት።

ያን ዕለት ከሰዓት እንቁ ገና በሩን ስትከፍትልኝ "ጸሐይ፣ አዲስ ቤት አገኘሁ!" አለች። ጭራው ኦ፣ ቲ፣ ኤች፣ ኢ፣ አር ነው። አዘር፣ አናዘር፣ ብራዘር፣ ማዘር። "ፋዘርን ላስገባው ብል በአንድ ፊደል እምቢ አለኝ፤ እንደ ሐሴት አባት ከቤት ወጥቷል" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሐሴት መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

"በይ፣ ዓረፍተ ነገር" አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

"ማይ ማዘር ኢዝ ዌይቲንግ ፎር ሚ" አለች። እናቴ እየጠበቀችኝ ነው። አንድም ሳትስት።

"ጎበዝ!" አልኳት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ወጥቼ የቀዳችልኝን ሻይ ጠጣሁ።

ሁለት ሳምንቱ ሲደርስ የቋንቋ ትምህርት ቤቷ አስተማሪ ታመመችና ፈተናው በአንድ ወር ተራዘመ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። "እስካሁን ለምን?" ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ገፋሁበት። እሁድ ስትደውል ስለሺ አንዴ "ኔትወርክ የለም"፣ አንዴ "ተኝታለች" ይላታል። እሷም የተማረችውን ሁሉ እየደረደረች "እማዬ፣ ስሚኝማ" እያለች በድምፅ ትልካለች። ስለሺ "ኧረ እህቴ፣ በቃኝ" ብሎ አለቀሰብኝ። "ትንሽ ቀረች" አልኩት። የእማማ አርባ ደብረ ብርሃን ሲወጣ፣ እኔና እንቁ ኖርዝ ዮርክ ሱቅ ውስጥ ለእሳቸው ሞቅ ያለ ጫማ እንመርጥ ነበር። "እግራቸው ሊያብጥ ስለሚችል አንድ ቁጥር ከፍ አድርጊው" ያልኳት እኔ ነኝ።

ፈተናውን አለፈች። ኮሪደሩ ላይ እልል ብላ፣ ይህን የሚያህለውን ሰውነቴን ከመሬት አነሳችው። በማግስቱ ቅዳሜ፣ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከቀሲስ ጋር ስምንት ሆነን ነጠላችንን አዘቅዝቀን በሯን አንኳኳን። ከፈተች። ነጠላችንን አየችና "ማን ነው?" አለች። ቀሲስ ነገሯት። ጮኸች፤ ደረቷን ደቃች፤ ሐሴት ጨምድዳ ያዘቻት። ሁላችንም አለቀስን።

ድንገት ቀና ብላ አየችን።

"መቼ?"

ቀሲስ ወደ እኔ ዞሩ። "ጥቅምት ላይ" አልኩ።

"አርባዋስ?"

"ወጥቷል።"

"ፈተናውን እንዳትወድቂ ብዬ ነው፣ እንቁዬ..." አልኳት።

"ለማን ብዬ ነው የምፈተነው?" አለች።

ፈተናውን ከመርዶ ሳድን፣ ፈተናው ለምን እንደሆነ ረስቼው ነበር።

"ስለሺ ፈርቶ ነው። ሐሴት ልጅ ናት። አንቺ ግን በየቀኑ እየመጣሽ፣ ፊቴን እያየሽ ሃምሳ ቀን አሳቅሽኝ። አሁን አብረሽኝ አታለቅሺም። ውጪልኝ።"

ከለቅሶ ቤት ሰው አይባረርም። ደመኛ እንኳ ቢመጣ ቦታ ይለቀቅለታል። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፋ እንጂ አንድም "ተይ" ያላት የለም፤ ቀሲስም ቢሆኑ። ወጣሁ፤ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከውስጥ "እናቴን፣ እናቴን" ስትል ይሰማኛል። ሊፍቱ በተከፈተ ቁጥር ለቀስተኛ ይወርዳል፤ "ግቢ እንጂ" ይሉኛል፤ "መጣሁ" እላለሁ። በዓይኔ አይቻቸው ለማላውቅ ሴት እንደዚያ ቀን ለማንም አልቅሼ አላውቅም። ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው። ለእንቁ እናት ለቅሶ ደርሻለሁ እንዳልል አልገባሁም፤ አልደረስኩም እንዳልል፣ ያን ቀን እስኪመሽ ከደጇ አልተነቀልኩም።