የአብደላ እንሰት

ዊዳድ አብደላ ቤቴል ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች። መስከረም በጠባ ቁጥር የመጀመሪያው ምዕራፍ ያው ነው፤ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራና ሕይወት ያለው ነገር በምን እንደሚታወቅ። መጀመሪያ ምልከታ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ መላ ምት፣ ሙከራ፣ በመጨረሻም ድምዳሜ። ሕይወት ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ይመገባል፣ ቆሻሻውን ያስወግዳል፣ ሲነካካ ምላሽ ይሰጣል፣ ያድጋል፣ ይራባል። ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት እንኳ ሳትደናቀፍ ትወጣዋለች። እንግዲህ ይህን ሁሉ የምታውቅ ሰው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ የገዛ ግቢያቸው ውስጥ የቆመ አንድ እንሰት ይሙት ይኑር መለየት አቅቷት ወር ሙሉ ስትደናበር ከረመች።

እንሰቱን የተከለው አባቷ ነው። አብደላ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ችግኙን ከስልጤ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኑ ላይ ታቅፎ ነው ያመጣው። ረዳቱ ከላይ እንጫነው ቢለው አሻፈረኝ አለ አሉ። ሚስቱ ዘሀራ መርካቶ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ስለ እንሰት የምታውቀው ነገር ቢኖር ቅጠሉ ኮባ መሆኑንና ኮባ ለዳቦ እንደሚፈለግ ነው። ያን ቀን በዚህች መዳፍ በምታክል ግቢ ይሄን ምን ልታደርግበት ነው ብላ ተቆጥታው ነበር። አብደላ ሲሞት ግን እንሰቱ ከአጥሩ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእንሰቱ ቀልድ የለም።

ጣጣው የመጣው የዊዳድ ታላቅ ወንድም መህዲ ሊያገባ ሲል ነው። መህዲ አየር ጤና አሮጌ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ገቢው ለሰላምታ ያህል ነው፤ ለቤት ኪራይ የሚሆን አይደለም። የእጮኛው የሀይፋ አጎቶች ለኒካሁ ነገር መጥተው ሲጫወቱ፣ ልጆቹ የት ሊኖሩ ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ብትወጣ ነገሩ ሁሉ ያልቃል፤ ክፍል የሚያወጣ ባዶ ቦታ ያለው ግን እንሰቱ የቆመበት ብቻ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ፣ ይህ ቢነሣ ጥሩ ክፍል ይወጣዋል አሉ። ዘሀራ ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

«አብደላ የተከለው በሕይወት እያለ ማንም አይነካውም።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው የአብደላን ነፍስ ማርልን ብለው ዱዓ አደረጉ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ከሳምንት በኋላ ግን መህዲ ሳዑዲ ስላለ ጓደኛው ማውራት አበዛ፤ ትንሽ ጊዜ ሠርቶ ቢመለስ ምን እንደሚል ዊዳድን ጠየቃት። ዘሀራ ጓዳ ሆና ሰማች። ያን ቀን ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠችው።

ጳጉሜ ላይ ከባድ በረዶ ወረደ። የእንሰቱን ቅጠሎች ዘለዘላቸው፤ ከዚያም ቢጫ ሆኑ። መህዲ ቀና ብሎ አየና ሞቷል እኮ አለ። እናቱ ገና ነው አለች። ሞቷል፣ አልሞተም፣ ሲባባሉ ሰንብተው ሁለቱም ወደ ዊዳድ ዞሩ፤ ለሰው ልጅ የምታስተምሪው ይሄንኑ አይደለም እንዴ፣ አንቺ ፍረጂን አሏት። እውነቱን ለመናገር ዊዳድ ደስ አላት። ቤት ውስጥ ትንሿ ናትና ምን ትያለሽ ተብላ ተጠይቃ አታውቅም። ጥቅምት ሲገባ እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያ ግን ውሃ ማጠጣት የለም፣ መነካካት የለም፣ አለች፤ በመምህር ድምጿ።

ምልክቶቹን አንድ በአንድ አነሣች። እንቅስቃሴ አለ፤ ግን ነፋስ ነው፤ በዚያ ሂሳብ ገመድ ላይ የተሰጣው የመህዲ ሱሪም ሕይወት አለው ማለት ነው። መተንፈሱን የምትለካበት መሣሪያ የላትም። መራባቱን ለማየት ደግሞ ዕድሜ ይጠይቃል ብላ ሰረዘችው። የቀረው እድገት ነው። በርጩማ ላይ ወጥታ፣ መሐል ላይ ተጠቅልሎ ከቆመው አዲስ ቅጠል ላይ፣ ከጎኑ ካለው ቅጠል አንገት ትክክል፣ ቀይ የሱፍ ክር አሰረችበት። ቅጠሉ ካደገ ክሩ ከፍ ይላል። ካልሆነ ደግሞ ባለበት ይቀራል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ክሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስትመለስ የጣት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ አገኘችው። አለ፣ ሕይወት አለው ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት፤ ሳይንስ አይቸኩልም በሚል ዋጠችው። በሳምንቱ ክሩ እንደገና ከፍ አለ። ቅጠሎቹ ግን ከጫፋቸው ጀምረው ጠቆሩ፤ ያ የተጠቀለለው ቅጠል ራሱ ገረጣ፤ ሲዳስሱት ልምሾ ሆኗል። ክሩ ሦስተኛ ጊዜ ከፍ ሲል ደግሞ ግንዱ መበስበስ መበስበስ ይሸት ጀመር። እንሰቱ እያደገ ይሞታል፤ ወይም እየሞተ ያድጋል። እንዲህ ያለ ነገር የትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም። ባልደረባዋን ቀዳማዊን ብትጠይቀው ምናልባት አለካክሽ ላይ ስሕተት ይኖራል አላት፤ ሁለት ቀን ኮረፈችው።

ሌላም ግራ የገባት ነገር ነበር። ለመስቀል ጎረቤታቸው እትዬ አልማዜ እንደ ልማዳቸው ለዳቦ ኮባ ሊጠይቁ መጡ። ዘሀራ ኮባ ከልክላ አታውቅም፤ ራሷ ቆርጣ፣ አጥባ ነበር የምትሰጠው። ያን ቀን ግን በሩን ይዛ፣ ዘንድሮስ ይቅርብሽ አልማዜ፣ ከአየር ጤና አስገዥ አለች። እትዬ አልማዜ ቅር ብሏቸው ሄዱ። ዊዳድ እናቷ ለታመመው እንሰት ሳስታለት ነው ብላ አዘነች።

አንድ ፀሐይ የበዛበት ከሰዓት በኋላ ግን እንሰቱ ሥር በረኪና ሸተታት። ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ በረኪና ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንዴ የተገለጠላት መሰላት። ሊያገባ ክፍል የሚፈልግ ማነው? መህዲ። እንሰቱ ሞቶ ማየት የማትፈልግስ? እናቷ። ስለዚህ በረኪናውን የሚያፈሰው መህዲ ነው፤ ክሩን እየፈታች ከፍ የምታደርገው እናቷ ናት። መላ ምቱ ከማማሩ የተነሣ ራሷን አደነቀች። ለማረጋገጥም ክሩ ካለበት ትክክል፣ በቅጠሉ ጀርባ፣ ማንም በማያየው በኩል በስክሪብቶ ነጥብ አደረገች። ከቀናት በኋላ ክሩ ከነጥቡ በላይ ወጥቶ ተገኘ፤ ነጥቡ ያለበት አለ። ቅጠሉ አላደገም፤ ክሩን ሰው ነው ያሳደገው። ዊዳድ ተናደደች። እናቷ ብታሳዝናትም ተናደደችባት፤ በወንድሟ ግን ደሟ ነው የፈላው። የአባቱን እንሰት መርዝ ከሚያጠጣ ሰው ጋር በአንድ ትሪ መብላት አስጠላት፤ ሰበብ እየፈጠረች ብቻዋን መብላት ያዘች።

ሐሙስ ማለዳ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ እጅ ከፍንጅ ልትይዘው ኩሽና ውስጥ ገብታ በበሩ ቀዳዳ ታይ ጀመር። ብዙም አልቆየች። የወጣችው ግን እናቷ ናት፤ የሶላት ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። እርምጃዋን እያቀለለች መጥታ እንሰቱን ዞረች፤ በአጥሩ በኩል፣ ግንዱ ከታች በቢላ ተወግቶ ኖሯል፤ በዚያ ቀዳዳ ከጆግ አፈሰሰችበት። የበረኪናው ሽታ ኩሽና ድረስ መጣ። ዘሀራ ከዚያ መዳፏን ግንዱ ላይ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አብደላ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ልጅህን ላስቀረው ብዬ ነው» አለች። ደግማ ደጋግማ አለችው። ከዚያ ጆጉን ጉያዋ ሥር አድርጋ ገባች።

ዊዳድ ከኩሽናው መውጣት አቃታት። ቆማ ያየችውን ስትገለብጥ ስትገለብጥ መህዲ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ግራ ቀኙን አየ። በርጩማውን ሳብ አድርጎ ወጣበትና ክሩን ፈታ፤ ትንሽ ከፍ አድርጎ መልሶ አሰረው። በዚያ የብሎን መፍቻ ይዞ በሚውል ወፍራም ጣቱ ቋጠሮዋን እሷ እንዳሰረቻት አድርጎ ለማሰር ሲታገል፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ብታዩት ያሳዝናችኋል። ከዚያ በርጩማውን ቦታው መልሶ ወደ ሥራው ሄደ።

ያን ቀን ዊዳድ ወደ ቤቴል በታክሲ ስትሄድ መውረጃዋ አመለጣት። ክፍል ገብታም ያስተማረችውን አታስታውስም። ሳያት የምትባል ተማሪዋ እጇን አውጥታ፣ መላ ምታችን ከተሳሳተ ምን እናደርጋለን አለቻት። ጥለነው እንደገና እንጀምራለን አለች ዊዳድ፤ መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ወንድሟን በጠላችው መጠን አፈረች፤ ይህን ደግሞ እንዴት ተደርጎ እንደሚጣል መጽሐፉ አይልም። አሁን ምን ብላ ትፍረድ? አለ ብትል የእናቷ ኃጢአት ሁሉ በከንቱ ነው፤ መህዲም ይሄዳል። ሞቷል ብትል ደግሞ መህዲ የእናቱን ልብ ሰብሮ ቤት የሠራ መስሎት ዕድሜውን ሙሉ ይኖራል። ዝም ብትል ሁለቱም እንዲህ ተደባብቀው እንሰቱን ግማሹን እየገደሉ ግማሹን እያሳደጉ ሊከርሙ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ምሳ ተበልቶ እጅ ታጠበ። ዘሀራ የልጇን ፊት ላለማየት ትሪውን ትጠርጋለች፤ መህዲ ስልኩን ይነካካል። ጥቅምት ገብቷል፣ ፍርዱ ምን ሆነ አላት በመጨረሻ፤ ቀልድ አስመስሎ።

ዊዳድ ያዘጋጀችው ረዥም ንግግር ነበራት። ሁሉም ጠፋባትና ይህን ብቻ አለች፤

«እማ፣ በረኪናውን ተይው። መህዲ፣ አንተም ክሩን ተው።»

መህዲ እናቱን አየ፤ ዘሀራም ልጇን አየች። ነገሩ ሁለቱም ጋ የደረሰው እኩል አይመስለኝም፤ መህዲ ቀደመ፤ ፊቱ ቀላ።

«ጠዋት ጠዋት እኮ ከእሱ ጋር ስታወሪ እሰማሻለሁ» አለ። «ሞቷል ሲሉሽ ምን ልትሆኚ እንደምትችዪ አስቤ…»

«አውፍ በለኝ ነበር የምለው» አለች ዘሀራ። «በሽማግሌ ፊት የተናገርኩትን በምን አፌ ልመልሰው? እሱ ራሱ ቢሞትልኝ ብዬ ነው።» ከዚያ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ እያለቀሰችም መሳቅ ጀመረች፤ የቱ እንደሚበልጥባት ልጆቿም አላወቁም። መህዲ ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። የሳዑዲ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሣም።

ኅዳር ላይ አናጺው ከመምጣቱ በፊት መህዲ አካፋ ይዞ ወደ እንሰቱ ሄደ። ግንዱ በስብሶ ስለነበር ገፋ ሲያደርገው ወደቀ። ሥሩን ሊቆፍር ጎንበስ ብሎ ግን ቆመና ዊዳድን ጠራት። ከግንዱ ሥር፣ ዙሪያውን፣ አፈሩን ሰንጥቀው የወጡ ትንንሽ አረንጓዴ ቡቃያዎች አሉ። ከልጅ ጣት አይበልጡም።

ዊዳድ ስልኳን አውጥታ ፈለገች፤ አንብባም ለእናቷ ነገረቻት። የእንሰት መሐል ልቡ እያለ ከሥር ሌላ አያወጣም፤ ልቡ ሲሞት ነው የሚፈላው። አገር ቤት ገበሬዎቹ ችግኝ ሲፈልጉ ሆን ብለው ልቡን ያጠፉታል፤ በቢላ እንጂ በበረኪና ባይሆንም። አባቷ ቢኖር ይህን ያውቅ ነበር። ያ መራባት ብላ መጀመሪያ ቀን የሰረዘችው ምልክት ይኸው መሬት ላይ በቅሎ ያያታል።

ዘሀራ እየተደገፈች ቁጢጥ አለች። ቡቃያዎቹን በጣቷ ጫፍ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

«ይሄ አብደላ የተከለው ነው ወይስ ሌላ ነው?» አለች።

ይህን የጠየቀችው ለዕውቀት አልነበረም፤ ዊዳድ ገብቷታል። ልትመልስ አፏን ከፈተች። ይንቀሳቀሳል፣ ይተነፍሳል፣ ያድጋል፣ ይራባል፤ ሁሉንም አለፈቻቸው፤ አንዳቸውም እናቷ የጠየቀችውን አይመልሱም። የሞተው የቱ ነው? ያለውስ? እሱ ራሱ ነው እንዳትል ግንዱ እዚያ ጋ ወድቋል፤ ሌላ ነው እንዳትል ሥሩ አንድ ነው።

«አላውቅም እማ» አለች። ለተማሪዎቿም ለማንም ብላው የማታውቀው ቃል ነው።



«እንግዲያው ገደልሽው አትበሉኝ» አለች ዘሀራ።

ከዚያ በመህዲ ትከሻ ተደግፋ ተነሣችና፣ ለክፍሏ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት በበሩ በኩል፣ አጥሩ ሥር፣ ለቡቃያዎቹ ጉድጓድ እንዲያዘጋጅ ነገረችው።