የምታምንበትን ይዘህ ግባ

ተማሪዎቹ «ዶዘር» የሚሉት የፍልስፍና ፕሮፌሰር አንድ የማይለቀው አመል ነበረው። የጀማሪዎቹን የሎጂክ ኮርስ ማጠቃለያ ፈተና በወረቀት ሰጥቶ አያውቅም። ተማሪው ከልቡ የሚያምንበትን አንድ ነገር ይዞ ጠባቧ ቢሮ ይገባል፤ ከዚያ ያንኑ እምነቱን በገዛ አፉ ለማፍረስ ይታገላል። ማፍረስ ቢያቅተውም ግድ የለም፤ የሚታየው ሳይሳሳ መምታቱ ነው።

«የሌላውን ሐሳብ መናድማ ማን ያቅተዋል?» ይላል ዶዘር። «እስቲ በራስህ ላይ ተነሥ!»

ዘንድሮ ግን ከዲኑ ቢሮ ትእዛዝ ወረደ። የጀማሪዎች ፈተና በሙሉ በምርጫ ጥያቄ ይሆናል፤ የሚያርመውም ማሽን ነው። እምቢ ያለ መምህር ኮርሱን ያስረክባል። ተረካቢዋም ሳትቀር ተመርጣለች፤ ለምላሷ ስለት «ምላጭ» የሚሏት ወጣት መምህርት ነች።

ሦስቱ በዲኑ ቢሮ ተቀመጡ። ዲኑ ራሱ የዶዘር ተማሪ የነበረ፣ በዚያችው ጠባብ ቢሮ ላቡ ጠብ እስኪል የተፈተነ ሰው ነው።

«ፕሮፌሰር፣ እባክዎ አያስቸግሩን» አለ። «ተማሪው በዝቷል።»

«ቢበዛ የሚደርቀው የእኔ ጉሮሮ ነው። አንተን ምን ቆረቆረህ?»

«እኔን የቆረቆረኝ ፍትሑ ነው። ጠዋት የሚገባው ተማሪ የሚያገኘው የሚስቁትን ዶዘር ነው። ሊመሽ ሲል የሚገባው የሚነጫነጩትን ያገኛል። ማሽኑ አይደክመውም፣ አይከፋውም። ያ የመጨረሻው ልጅ ምን በደለ?»

ዶዘር መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገው ጀመር። ምላጭ ይህን ጠረጋ ታውቀዋለች፤ ሰውየው በክርክር ሲረታ የሚያደርገው ነው።

«ልክ ነህ» አለ ዶዘር።

«ምን አሉ?»

«ልክ ነህ አልኩህ። ጥሩ ክርክር ነው። እንዲያውም አሳንሰኸዋል፤ ከምሳ በፊት የሚገቡትን ረሳሃቸው። ሲርበኝ ይብስብኛል።»

«ጋሼ!» ምላጭ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ለማን ነው የሚከራከሩት?»

ዲኑ ደስታውን መደበቅ ቢያቅተው የትእዛዙን ወረቀት ገፋ አደረገለት። «እንግዲያው ይፈርሙልን።»

«ምን ላይ? ፈተናዬ ሕመም እንዳለበት አመንኩ እንጂ ይቀበር አልኩ? ማሽንህ የማይደክመው ስለማይሰማ ነው። እኔ ከጎኔ ሁለተኛ ፈታኝ አስቀምጣለሁ፤ የልጆቹ ተራም በዕጣ ይሆናል። አልፈርምም።»

«ቀኑን ሙሉ አብሮዎት የሚጎለተው ማን ነው?»

«እኔ» አለች ምላጭ።

ዲኑ ዞሮ አያት። «ኮርሱ እኮ ላንቺ ነው የሚሰጠው!»

«ለዚህ ነዋ! የምረከበውን ነገር ሳላየው ልረከብ?»

ዲኑ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲህ ስሙኝ። የሚመዘገበው የማሽኑ ውጤት ብቻ ነው። የእናንተን ፈተና አላውቀውም። ከዚህ ሴሚስተር በኋላም ሁለታችሁም ኮርሱን አታዩትም።»

«ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ግን የእኔ ነው» ብሎ ዶዘር ኮቱን አነሣ።

ቤት ገብቶ ለባለቤቱ ሲነግራት ማንኪያዋን አስቀምጣ ሳቀች። «የሰውየውን ክርክር አንተው አጠናከርክለት? ከአንተ ጋር መጣላት የማይሆንልኝ እኮ ለዚህ ነው። ‹ልክ ነሽ› ትለኛለህ፤ ከዚያ ያው እምቢ ትላለህ።»

«ልክ ነሽ» አላት።

በማግስቱ ክፍል ገብቶ ለተማሪዎቹ ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ማርክ የሚያገኙት አዳራሽ ገብተው የማሽኑን ፈተና ሲፈተኑ ነው፤ ይፈተኑ፣ አይቀየምም። የእሱ ፈተና ምንም አይከፍልም። የፈለገ ግን ከአዳራሹ ሲወጣ ወደ ቢሮው ይምጣ። ማንም ካልመጣ ዲኑ ረታ ማለት ነው፤ ያኔ እሱም አፉን ይዘጋል።

የፈተናው ቀን ሁለቱ ፈታኞች በሩን ወለል አድርገው ተቀመጡ። አዳራሹ ተበተነ። ኮሪደሩ በጫማ ድምፅ ተሞላ፤ ድምፁ እያለፈ፣ እየራቀ ሄደ። ዶዘር አንገቱን ላለማስገግ ከራሱ ጋር ታገለ።

በመጨረሻ አንዲት ተማሪ በሩ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፈው የሚጠብቁ ጥቂት ልጆች ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ ዕጣ ሲጣጣሉ ቀድማ የወጣችው እሷ ናት።

«ማርክ የለውም አይደል?»

«ምንም የለውም» አለ ዶዘር። «ምን ይዘሽ መጣሽ?»

ተቀመጠች። «እርስዎ ከዲኑ ይልቅ ልክ ነዎት ብዬ አምናለሁ።»

ምላጭ ሳቋን በመሐረቧ አፈነች። ዶዘር ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

«በይ አፍርሺው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ጀመረች፤ እየቆየች ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ዲኑ ቢሳሳትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስፈተናቸው፤ ፕሮፌሰሩ ግን በደከመ አእምሯቸው ሁለተኛ ፈተና ላይ አስቀመጣቸው። ለፍትሕ እከራከራለሁ የሚል ሰው ለራሱ ክብር ሲል የእነሱን ድካም ረሳ። ዱላው አጥንት ነካ። ምላጭ ቀና ብላ አየችው፤ ዶዘር መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ ነበር።

«ይሄ ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን አላሰብኩትም።»

ልጅቷ ደንግጣ ቦርሳዋን ማንሣት ጀመረች። «ልውጣ?»

«የት ትሄጃለሽ?» ዶዘር መነጽሩን አደረገና በጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ተጠጋት። «ቀጥይ እንጂ! እኔ ገና አልወደቅኩም።»