የበላይነሽ ካሴትና ሁለቱ ዎፈሮች

አንዳርጋቸው በገዛ እግሩ ወደ እኔ የመጣው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በግንቦት ነው፤ ገዳሪፍ ከድንበር ማዶ በመጣ ረሃብተኛ በተጥለቀለቀችበት ዓመት። ሱቄ አራት እንጨትና አንድ ሸራ ነው፤ ሱዳኖቹ ራኩባ ይሉታል። ሰውየው ከሸራው ሥር ጎንበስ ብሎ ሲገባ እጄ ላይ የያዝኩት የራዲዮ ብሎን ወደቀብኝ።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ አገር ቤት በለሳ ሳለን፣ እኅቱን ሸጊቱን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። «እኛ ለቀጥቃጭ ልጅ አንሰጥም» ብሎ ሽማግሌዎቹን ውኃ እንኳ ሳያስጠጣ ከደጅ የመለሰ እሱ ነው። አባቴ የማረሻ ብረት ያቃና ነበር፤ ሌላ ኃጢአት የለበትም። እኔም አራተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ጥዬ፣ መተማን ተሻግሬ ራዲዮ ጠጋኝ ሆንኩ። ሸጊቱን ለሌላ ዳሯት፤ አልሆነላትም፣ ተመልሳ እናቷ ቤት ገባች። ይኼን ሁሉ በሰው በሰው ነው የሰማሁት፤ ማንም ለእኔ ብሎ አልነገረኝም።

አሁን አንዳርጋቸው እዚሁ ገዳሪፍ የከፈተውን ሻይ ቤት ሊያሰፋ ነው። ሁለት ትልልቅ የድምፅ ሳጥን ፈለገ፣ እያንዳንዱ ባለ ሦስት ስፒከር፤ ወፍራሙን የሚያወጣ ዎፈር፣ መካከለኛውን የሚይዝ ሚድ፣ ቀጭኑን የሚያፏጭ ትዊተር። ወደ እኔ የመጣው ወዶኝ አይደለም። የገበያው አንደኛ ባለሙያ አብዱልናስር ለሠርግ ሥራ ወደ ከሰላ ከተማ ስለሄደ ነው፤ ይኼንንም ሳይጠየቅ ነገረኝ። ከዚያ ከኪሱ አንድ ካሴት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዘፈንማ በማንም ሳጥን ያምራል» አለ። «ይቺን አጫውትባት፣ የእናቴ ድምፅ ናት። አጠገቤ የተቀመጠች ከመሰለኝ ባለሙያ ነህ እላለሁ። ካልመሰለኝ ግን ያው ነህ።»

የእኛ አገር ሰው ደብዳቤ አይልክም። ደብዳቤ ያስጻፈ ምሥጢሩን ለጸሐፊው ሰጠ፣ ያስነበበም ለአንባቢው። ስለዚህ ከሱዳን ቴፕ ይላካል፣ ከአገር ቤት ካሴት ይመለሳል። ቤተሰቡ ተራ በተራ ይናገርበታል፣ አፉን ያልፈታው ሕፃን እንኳ ተቆንጥጦ ያለቅስበታል፤ አንድ ሰው ከተዘለለ ሟርት ነውና። ይኼን ካሴት በሚያዝያ ያመጣው ከማሉ የሚባል፣ ድንበር ላይ ያለችው የገላባት ነጋዴ ነው። አንዳርጋቸው በትንሿ ቴፑ ደጋግሞ ሰምቶታል፣ ሻይ ቤቱ የሚገባ የአገር ልጅ ሁሉ ሰምቶታል። እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት፤ እዚያ ሻይ ቤት ገብቼ አላውቅም።

ሳጥኑን ከሻይ ማሸጊያ ጣውላ ሠራሁት። ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያካፍለው አከፋፋይ ቀላል ነው። ዎፈሩ ፊት የመዳብ ሽቦ ጥቅል ይቆማል፣ ቀጭኑን ድምፅ አላሳልፍ ይላል፤ ትዊተሩ ፊት ካፓሲተር ይቆማል፣ ወፍራሙን ይመልሳል፤ ሚዱ ከሁለቱም አንዳንድ አለው። ሽቦውን ከተቃጠለ ትራንስፎርመር ፈትቼ፣ በክር ማጠንጠኛ ላይ እየቆጠርኩ ጠቀለልኩት።

የዎፈሩ ምርጫ ነው ያስቸገረኝ። በእጄ ሁለት ጥንድ ነበረ። አንዱ ባለ ስምንት ኢንች፣ ወረቀቱ ደረቅ፣ ማግኔቱ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የማይበልጥ። ሌላው ባለ ዐሥራ ሁለት፣ ከተዘጋ ሲኒማ ቤት የወጣ፣ ማግኔቱን አንስተህ ሰው ብትመታበት የሚገድል። ዎፈር የሚመረጠው በጣት ነው። መሐሉን በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ መጫን፤ ሳይፋቅ ገብቶ ሳይፋቅ መመለስ አለበት። ከዚያ በባትሪ ድንጋይ ነካ ማድረግ፤ «ድም» ብሎ ዝም ካለ ጨዋ ነው፣ «ድምምም» እያለ ከቀጠለ ሳጥኑን ያናውጣል። ትልቁ ድም ብሎ ዝም አለ። ደስ አለኝ፤ የሳጥኑን ቀዳዳ በትልቁ ልክ ቆረጥኩት።

የሞከርኩት በቀትር ነው። በዚያ ሰዓት የገዳሪፍ ገበያ ይሞታል፤ ነጋዴው የገመድ አልጋው፣ አንግሬቡ ላይ ይጋደማል፣ ውሻው ከሎሪ ሥር ይገባል። ሳጥኑን ከአምፕሊፋየሩ፣ አምፕሊፋየሩን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁና ካሴቱን ከተትኩ። ላልዋሽ፣ የሸጊቱን ድምፅ ፍለጋ ነው። ስምንት ዓመት ሆኖኛል።

እናትየዋ፣ እመት በላይነሽ፣ ጀመረች። ደኅና ነን፣ እህሉም አላለቀም፣ ምንጩ ግን ከደረቀ መንፈቅ ሆነው፣ ውኃ በአህያ ከሩቅ ይመጣል አለች። ቀጥሎ ትንሹ ልጇ ዳምጤ ተናገረ፤ ጫማ ላክልኝ አለ። ጎረቤት ተናገረ። ከዚያ በላይነሽ ተመለሰች፦ «ሸጊቱ ምንጭ ወርዳ ነው እንጂ ታናግርህ ነበር። ሰላም በይልኝ ብላለች።»

እዚህ ላይ ትንፋሽ ልትስብ ዝም አለች። ከዝምታዋ ሥር አንድ ነገር መጣ። ድም። ድም። ድም ድም።

መጀመሪያ ዎፈሩን ጠረጠርኩ። ብሎኖቹን አጠበቅሁ። ሌላ ካሴት ከተትኩ፤ ንጹሕ ነው። የበላይነሽን መለስኩ፤ ድም፣ ድም። ትልቁን ፈትቼ ትንሹን አሰርኩ፤ የለም፣ የአሮጊቷ ድምፅ ብቻ። ትልቁን መለስኩ፤ አለ። ጆሮዬን ወረቀቱ ላይ አስጠጋሁ። ከድቂያው በታች የወንዶች ድምፅ ነበረ፣ ቃሉ የማይለይ፣ ከጭቃ ግድግዳ ጀርባ እንደ ቀፎ የሚያጉረመርም። በዚያ ሙቀት ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። በለሳ የተወለደ ሰው ያንን አይስተውም። ደረት እየተደቃ ነው፤ ለቅሶ ላይ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የጎረቤት ለቅሶ ነው እንዳልል፣ በላይነሽ ጎረቤት እየተለቀሰ እቤቷ ተቀምጣ ቴፕ የምታናግር ሴት አይደለችም። ምንጩ ከደረቀ መንፈቅ ከሆነው ደግሞ ሸጊቱ የት ነው የወረደችው? የሚለቀሰው ለእሷ ነው። ከማሉ መንገድ ስለቸኮለ ይሆናል፣ እናቲቱን ከለቅሶው መሐል አንስተው ጓዳ አስገብተዋት ይሆናል። ልጅ በሰው አገር ብቻውን መርዶ አይሰማም፤ ሽማግሌ ሳይከብበው፣ ጎሕ ሳይቀድ አይነገረውም። ስለዚህ ደኅና ነን አስባሏት። ቀድተው ሲጨርሱም በዚያችው ቴፕ መልሰው ሰምተው ይሆናል፤ ምንም አልተሰማም። ግድግዳው ቀጭኑን ድምፅ ያስቀራል፣ ወፍራሙን ግን ያሳልፋል። ትንሽ ስፒከር ደግሞ ወፍራሙን አያውቀውም።

ማልቀስ አማረኝ፣ ግን በምን ወግ አለቅሳለሁ። ምኗ ነኝ?

መርዶ በወጉ እንዲነገር ብዬ ወደ አቶ እንግዳው ሄድኩ። የበለሳ ማኅበር ሽማግሌ እሱ ነው። ነገሩን አስረዳሁት፣ ካሴቱንም ሰጠሁት። በራሱ ቴፕ ሁለት ጊዜ ሰማው፣ ምንም የለም። ከእኔ ሱቅ መጥቶ በትልቁ እንዲሰማ ብለምነው በጎን አየኝ።

«ካሣ፣ ቂም የያዘ ጆሮ ያልተለቀሰ ይሰማል» አለኝ። «ሙት ከሳጥን ማናገር የእናንተ ወገን ሥራ ነው፣ እኔን አታስገባኝ።»

የእናንተ ወገን ማለት ቡዳ ማለቱ ነው። እዚያ በረሃብ የሚረግፈውን ሕዝብ ትቶ፣ ይቺን ስድብ ከበለሳ ተሸክሞ ሱዳን ያደረሳት ሰው ነው።

ካሴቱን ይዤ ተመለስኩና ሁለቱን ጥንድ ዎፈር ፊቴ አስቀመጥኩ። ትልቁን ብገጥም፣ እሑድ የሰፋው ሻይ ቤት ሲከፈት፣ የአገሩ ሰውና ዐረቡ በተሰበሰበበት፣ አንዳርጋቸው ብርጭቆ እንደያዘ የእኅቱን ለቅሶ ይሰማል። ይኼን እያሰብኩ አንድ ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ እግዜር ያውቃል። በማግስቱ ግን የታየኝ እሱ አልነበረም። እሷ ናት የታየችኝ፣ ሻይ ጠጪ መሐል የፈሰሰች። ትልቁን ጠቅልዬ ትንሹን ገጠምኩ። ቀዳዳው ስለሰፋ ዙሪያውን የጣውላ ቀለበት ሠርቼ አጠበብኩት።

ቅዳሜ ወስጄ አስቀመጥኩለት። ካሴቱን ከተተ። በላይነሽ ተናገረች፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ከሩቅ። አንዳርጋቸው አንገቱን አዘነበለ።

«ይቺ እናቴ ናት? ይቺ ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ ናት።»

የነበረው ሰው ሳቀ። ጎንበስ ብሎ የጣውላውን ቀለበት በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። የበሬ ዓይን ቆርጠህ የዶሮ ዓይን ከተትክበት አለኝ፤ እንደገና ሳቁ። አብዱልናስር ሰኞ ይመለሳል፣ ለዚህ ቀዳዳ የሚገባውን እሱ ይገጥምልኛል አለ። ፊቴ ነደደ። ያጠበብኩት ለእኅትህ ብዬ ነው ልለው ቃጣኝ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። አብዱልናስር ትልቅ ዎፈር ይገጥማል። ሰኞ ባይሰማ ማክሰኞ ይሰማል፣ ያውም ማንም ሳይዘው። የእኔ መደበቅ የሦስት ቀን ነው።

አንዱን ሳጥን ልጠግን፣ ካሴቱንም መሞከሪያ ብዬ ይዤ ወጣሁ። ቀጥታ እንግዳው ቤት ሄጄ፣ ከቤቱ አጠገብ ካለው ወፍጮ ደጃፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት በመስቀል ማልኩለት። ነገ ጎሕ ሲቀድ አራት ሰው ይዘህ ሱቄ ና፣ ዋሽቼ ከሆነ በአራቱም ፊት ምራቅህን ፊቴ ላይ ትፋ አልኩት። የመጣው ለመትፋት ይመስለኛል።

አምስት ሆነው ሸራው ሥር ቆሙ። ትልቁን ዎፈር ገጥሜ ነበር። በላይነሽ ሸጊቱ ምንጭ ወርዳ ነው ብላ ዝም ስትል፣ ሳጥኑ ድም አለ። ድም። ድም ድም። እንግዳው መጀመሪያ ዞር ብሎ ከኋላው አየ። ከዚያ ነጠላውን ከትከሻው አወረደና አዘቀዘቀው። ሌሎቹም እንደዚያው። ማንም ወደ እኔ አላየም። ካሴቱን ይዘው ወደ ሻይ ቤቱ ሲነሡ «አንተ ከኋላ ሁን» አለኝ። ከኋላ ሆንኩ። ጩኸቱን ከመንገድ ነው የሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሻይ ቤቱ ሰው ተላከብኝ፤ ሳጥኑንና ትልልቆቹን ዎፈሮች ይዘህ ና። ለቅሶው በዝቶ ነበር። ከኡም ራኩባ የስደተኛ ካምፕ እንኳ በእግራቸው የመጡ ነበሩ፤ የራሳቸውን ሙት መንገድ ላይ ጥለው፣ ሳይቀብሩ ያለፉ ሰዎች። አንዳርጋቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፤ ያ ሁሉ ቦርጩ የት እንደገባ እንጃ። ሁለቱንም ሳጥን በትልቁ ዎፈር አሰናዳሁ። ካሴቱን ራሱ አቀበለኝ።

በላይነሽ ደኅና ነን አለች። ሴቶቹ አለቀሱ። ምንጭ ወርዳ ነው አለች፤ አንዳርጋቸው እጁን አነሣ።

«እናቴ ከፊት ሆና ትዋሸኛለች» አለ። ድምፁ ሰልሎ ነበር። «እሷን ማውጣት ይቻላል? ከጀርባ ያሉት ብቻ እንዲቀሩ?»

ይቻላል አልኩት። ተንበርክኬ የትዊተሩን ሽቦ ቆረጥኩ። የአሮጊቷ «ስ» እና «ሸ» ጠፋ። የሚዱን ቆረጥኩ፤ ቃሏ ጠፋ። ቀላል አከፋፋይ ሁሉን አይከለክልም፤ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ማጉረምረሟ ቀረ። በዎፈሩ ግን የበለሳው ግቢ መጣ። ድምፁን ከፍ ሳደርገው ወለሉ አብሮ መታ። የኡም ራኩባዎቹ ቀድመው ተነሡ። ከዚያ ወንዱ ሁሉ ተነሣ፣ ከሳጥኑ ጋር ደረቱን ይደቃ ጀመር፤ ለሸጊቱ ይሁን መንገድ ላይ ለተዉአቸው ሙታን አላውቅም፣ አልጠየቅሁም። ምንጣፉ ላይ ቦታ ነበረ። ማንም ና አላለኝም፤ ገባሁ። ደረቴን ስመታ ወግህ ምንድን ነው ያለኝ የለም።

የካሴቱ ጎን ሲያልቅ አንዳርጋቸው ሳያየኝ፣ «መልሰው» አለ። መለስኩት። ሲያልቅ እንደገና መልሰው አለ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። ከሰዓት በኋላ የመኪናው ባትሪ እየደከመ መጣ፣ ቴፑም መጎተት ጀመረ። ድቂያው ዘገየ፣ ወፈረ፤ በአንዱና በሁለተኛው መካከል ትንፋሽ መሳብ ይቻል ነበር። ሌላ ባትሪ ላምጣ አላልኩም። የሚደቁት ሰዎችም ከሳጥኑ ጋር አብረው ዘገዩ፤ እጃቸውን አንሥተው ቀጣዩን ይጠብቃሉ፣ ሲመጣ ይመታሉ፣ እንደገና አንሥተው ይጠብቃሉ።