በኪስ ስፌት ውስጥ

ትንሹ ልጃችን ከቤት ሲወጣ አንድ ውል አስገባኝ። ልብሱን ቅዳሜ ቅዳሜ ያመጣል፣ እኔ አጥባለሁ፣ ጥያቄ ግን የለም። የተከራየው ክፍል ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ውሉን ያቀረበልኝ በር ላይ ቆሞ፣ አባቱ ፍራሹን ጭነት መኪና ላይ እያሰረለት ነው።

«ምን በላህ፣ የት አመሸህ፣ ምላስህን አሳየኝ፣ የሚባል ነገር የለም» አለ። «አንድ ነገር ከጠየቅሽኝ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ።»

«ምላስህን ካላየሁ መታመምህን በምን አውቃለሁ?»

«ሲያመኝ እነግርሻለኋ፣ እማዬ! እንደ ሰው!»

አባቱ መኪናው ላይ ሆኖ ሳቀ። «ፈርሚ፣ ፈርሚ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምላሴን ሳወጣ ኖሬ እንዲህ ያለ ውል አላገኘሁም።»

እሺ አልኩ። ታላቅ እህቱ አግብታ ሌላ ከተማ ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው። በወር አንዴ ትደውላለች፣ «ደህና ነን» ትላለች፣ ትዘጋለች። ከድምፅ ልብስ ይሻላል ብዬ ነው የተስማማሁት።

ሃያ ሰባት ዓመት ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ስመረምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁት በቅርቡ ነው። ሥራው ያየሁትን እንድጽፍ፣ ያሰብኩትን እንዳልጽፍ አስተምሮኛል። ስለዚህ የትንሹን ከረጢት ስከፍት ወዲያው ውሃ ውስጥ አልነክርም ነበር። ጠረጴዛ ላይ ነጭ አንሶላ አነጥፍና ልብሱን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ።

የሚሠራው አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ አዲስ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። «ቢሮ ነኝ፣ ወረቀት ላይ» ብሎናል፤ እውነትም መጀመሪያ ላይ የሸሚዙ እጅጌ የእስክሪብቶ ቀለም ነጠብጣብ ነበረበት። በአራተኛው ወር ቀለሙ ጠፋ። በምትኩ ሆዱ ላይ ባለው የሸሚዙ ክፍል ጥቃቅን ቀዳዳዎች መጡ። ደረቅ ሲሆን ጨርቁ ሙሉ ይመስላል፤ ውሃ ሲነካው ግን እንደ ወንፊት ይከፈታል። አሲድ ልብስን እንዲህ ነው የሚበላው። የላቦራቶሪ ጋዋኖቻችን ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ቢሮ የሚቀመጥ ሰው ሆዱ ላይ አሲድ አይረጭበትም።

አልጠየቅሁም። ብጠይቅ ከረጢቱ ይቀራል፣ ከረጢቱ ከቀረ ደግሞ ጭራሽ አላይም። ይህን እያሰብኩ ራሴን ብልህ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ከዚያ አቧራው መጣ። ግራጫ ነው፤ ሱሪውን ስገለብጥ በኪሱ ስፌት ውስጥ ተጠቅጥቆ አገኘዋለሁ። ተራ አቧራ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይሄ እንደ አሸዋ ከሳፋው ታች ይዘቅጣል። በዚያው ሰሞን ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየሁ። በሦስት ሳምንቱ ሌላ ተጨመረ፣ ወደ ውስጥ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ አብሮን ሊበላ ተቀመጠና ከሁለት ጉርሻ በኋላ ገፋው።

«ምን ሆነ?» አለ አባቱ። እሱ ውል የለበትም።

«ሁሉ ነገር ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል።»

«እናትህ ጨው ረስታ እንዳይሆን፤ ለደም ግፊቴ ብላ እኔን እንደ በሽተኛ በሬ አልጫ ስታበላኝ ነው የምትውለው።»

ትንሹ ሳቀ። ሲስቅ ድዱ ላይ፣ ከጥርሶቹ ሥር፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር ሰማያዊ መስመር አየሁ። እንዲህ ያለ መስመር በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ቧንቧ የሚበይድ ሰው ነበር፤ እሱን ተሸክመው ነው ያመጡት።

ልጁ እንደሄደ ባሌን ወጥ ቤት አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«እየተመረዘ ነው» አልኩት። «ባትሪ ውስጥ ያለው ብረት ደሙ ውስጥ ገብቷል። ቢሮ አይደለም የሚሠራው።»

ባሌ አናጢ ነው። የቀኝ አውራ ጣቱን ግማሽ መጋዝ ወስዶበታል፤ ክርክር ሲነሳ እሷን ነው የሚያቀርበው።

«ይቺ የት ሄደች?» አለ አውራ ጣቱን አንስቶ። «ሥራ ሰውን ይነካል። እርግጠኛ ነሽ?»

«አንድ ጊዜ አይቼ እርግጠኛ ነኝ አልልም። መድገም አለብኝ።»

«እንግዲያው ድገሚ። ልጁን ግን እንደ እህቱ እንዳታስኮርፊው።»

ይህች ቃል ወጋችኝ። እህቱ ከቤት ሳትወጣ ቦርሳዋን ፈትሼ መድኃኒት አግኝቼ ሌላ ነገር ጠርጥሬባት ነበር፤ የራስ ምታት ኪኒን ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ በወር አንዴ የምትደውለው ለዚያ ይመስለኛል።

ደገምኩ። በየቅዳሜው የኪሱን አቧራ በንጹሕ ወረቀት ላይ አራግፌ፣ አጥፌ፣ ቀን ጻፍኩበት። ስድስት ወረቀት ሲሞላልኝ ድሮ ያሠለጠንኳት፣ አሁን የውሃና የአፈር ምርመራ የምትሠራ ልጅ ጋ ወሰድኩት፤ ቀኖቹን መዝግባ ከየአንዱ ቁንጥር ወሰደችና ወረቀቶቹን መለሰችልኝ። በአራተኛው ቀን ደወለች።

«እትዬ፣ ይሄን ከየት አመጡት? መሣሪያው አልችል ብሎ በውሃ አቅጥነን ነው የለካነው። ሁሉም እርሳስ ነው፣ የባትሪው ብረት፣ መርዝ! ልጅ ያለበት ቤት አይደለም አይደል?»

«አንድ ልጅ አለ።»

«ወይኔ! ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ አራት።»

«አይ እትዬ!» ብላ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋ ተቋረጠ። «ወረቀቶቹ ላይ ያለው ቀን ... ስድስት ሳምንት ጠበቁ ማለት ነው?»

አዎ አልኩና ስልኩን አስቀመጥኩ። ላቦራቶሪ ሳለሁ «አስቸኳይ» የተባለ ደም ከአንድ ሰዓት በላይ ካቆየሁ እቀጣ ነበር።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ትንሹ ያለ ከረጢት መጣ። የለበሰው ሸሚዝ ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ኮሌታው ግን ተጣሟል። ቀኝ እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ግራ ጉንጬን ሳመኝ።

«ከእንግዲህ ልብስ አላመጣም፤ እንዳትለፊ ብዬ ነው» አለ። ድምፁ ጨዋ ነበር፣ ለጎረቤት እንደሚነገር ዓይነት።

ወደ ባሌ ዞርኩ። ባሌ ጣራውን ያያል።

«ነገርከው?»

«ኪስህን እየበረበረች ነው አልኩት። ከሌላ ከሚሰማ ብዬ እኮ ነው፣ አንቺ።»

ሻይ ቀዳሁ። ትንሹ ብርጭቆውን በግራ እጁ አነሳ፤ ግማሹ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። ስኳሩንም በግራ ለማማሰል ሞከረና ተወው።

«ምነው፣ ቀኙን አከራየኸው?» አለ አባቱ ነገሩን ለማብረድ።

«ተኝቼበት ነው።»

ከዚህ በኋላ ብናገር ምናልባት እንደ እህቱ በወር አንዴ የሚደውል ይሆናል። ይህን አውቄ ነው የተናገርኩት።

«እጅህን አውጣ።»

«ውላችን እኮ ...»

«ውሉ ፈርሷል። ሁለቱንም ወደ ፊት ዘርጋ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። እንደ አምስት ዓመት ልጅ ታዘዘኝ። የግራው ቀጥ ብሎ ቆመ። የቀኙ ክንድም ተዘረጋ፣ መዳፉ ግን ከአንጓው ላይ ታጥፎ ወደ መሬት ተንጠለጠለ።

«ቀና አድርገው» አልኩት።

«እያደረግኩት እኮ ነው፣ እማዬ።»

ባሌ ከወንበሩ ተነሳ፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ያወቀ አይመስልም፣ እዚያው ቆመ።

«መቼ ጀመረህ?»

«እንዲህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ዕቃ ከእጄ መውደቅ ከጀመረ ግን ወር አልፎታል። ማቅለጫው ምድጃ ጋ ሰው ጎደለና ቀደም ብለው አዛውረውኝ ነበር ...»

«ወር ሙሉ! ሲያመኝ እነግርሻለሁ አላልክም?»

ትክ ብሎ አየኝ። ዓይኑ ላይ ቁጣ ባይ ይሻለኝ ነበር።

«ልነግርሽ ነበር። ግን ልብሱ በእጅሽ ነው። ያሳለፍሽው ነገር የለም፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ። በየቅዳሜው ዝም ስትይኝ፣ እማዬ ዝም ካለች ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ወደ ምድጃው እመለሳለሁ። ሆዴን ሲቆርጠኝም እንደዚያው።» የተንጠለጠለውን እጁን በግራው ደገፈው። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድድህ ጀምሮ። ሰባት ሳምንት።»

የተንጠለጠለውን እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ይመለሳል?» አለ እጁን እያየ።

ይመለሳል ማለት እችል ነበር። ሌላ እናት ትላለች፣ ደግ ታደርጋለች።

«አላውቅም። አንዳንዱ ይመለሳል። ጫማህን አድርግ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ማሰሪያውን በአንድ እጁ ታገለና አልሆነለትም። ባሌ ተንበረከከና አሰረለት። በግማሽ አውራ ጣቱ ቋጠሮውን ደግሞ አጠበቀው። እኔ ስድስቱን ወረቀቶች ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

በሩ ጋ ስንደርስ ትንሹ ቆመ።

«እማዬ፣ ምድጃው ላይ የምንሠራው ስድስት ነን። ሁሉም ልብሱን ወደ ቤቱ ነው የሚወስደው። የአንዱን የምታጥብለት ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።»

«ስንት ወሯ ነው?»

«ሰባት መሰለኝ። ትናንት ሆዴን ቆረጠኝ ብላ ተኝታ ውላለች አለኝ።»

ባሌ መኪና ሊያስቆም ወደ አስፋልቱ ሮጠ።

«ስልክህን አውጣና ለባሏ ደውል» አልኩት ትንሹን። «አሁን። እኔ አናግረዋለሁ።»

ስልኩ በቀኝ ኪሱ ነበር። እጄን ከትቼ አወጣሁለት፤ ጣቶቼ ግራጫ ሆነው ወጡ።