ሳይታረም የቀረው ይቅርታ

ባሌ ሞዛፋር የተሳሳተ ጽሑፍ አይቶ ማለፍ አይችልም። የሰው ጡረተኛ ሻይ ቤት ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል፤ የኔው ፌስቡክ ላይ ተጥዶ የወጣቶችን ጽሑፍ ሲያርም ይውላል። ልጆቹ ቋንቋችንን ባንግላን በፈረንጅ ፊደል ሲጽፉት፣ የቃሉን ግማሽ ሲውጡት፣ የዐረፍተ ነገር መዝጊያ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ሲረሱት ደሙ ይፈላል። «ይሄ እኮ ዶሮ የጫረችው ነው!» ይልና ትክክለኛውን ከሥር ይጽፍላቸዋል። የድሮ ተማሪዎቹ «እሺ መምህር» ብለው ይስቃሉ። የማያውቁት ደግሞ እናቱን አንሥተው ይሰድቡታል። እኔ «የሩክሳና አባት፣ ዝም አይነቅዝም» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። ሩክሳና ዋና ከተማው ዳካ ውስጥ ያገባችው ልጃችን ናት።

ለቋንቋችን ሲሉ በጥይት የወደቁት ልጆች በሚታሰቡበት ቀን፣ እንደ ወጉ ጫማችንን አውልቀን፣ አበባ ይዘን ወደ ሐውልቱ ሄድን። እዚያ የወጣት ማኅበሩ ያሰቀለው ትልቅ ሸራ ተዘርግቷል። የሰማዕታቱ ፊት ከላይ በትንንሹ፣ የማኅበሩ አለቃ የሊቶን ፊት ደግሞ ከሥር ድስት አክሎ። እኔ ጽሑፉን አላነበብኩትም፤ ባሌ ግን አነበበው። ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«በነሱ ቀን! በነሱ ሸራ ላይ! የሟቾቹን ስም እንኳ በትክክል አልጻፉትም!»

«ዝም በል፤ ሰው ይሰማሃል» አልኩት። በከተማችን በናቶር ሊቶን ሳይፈቅድ ሱቅ የሚከፍት የለም። አምና ከሱ ጋር የተጨቃጨቀው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ዛሬም የሚያየው በአንድ ዐይኑ ነው። ይህን ባሌም ያውቃል። ያውቃል ማለት ግን ይፈራል ማለት አልነበረም፤ ያን ጊዜ።

ሸራውን ፎቶ አንሥቶት ኖሯል። ቤት እንደገባን በስልኩ ስሕተቶቹን በቀይ አሠመረባቸውና ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። እኔ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር፤ አልነገረኝም። ምሳ ሳንበላ ከተማው በሊቶን ይስቅ ጀመር። ባሌም እያንዳንዱን ሳቅ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ ደስታው የልጅ ነበር።

ከምሳ በኋላ ነገሩ ዞረ። አንዱ ቀይ መሥመር ለካ በአንደኛው ሰማዕት ፊት ላይ አልፏል። «ይህ ሽማግሌ በሰማዕታቱ ፊት ላይ ቀይ ጫረ» ብሎ አንዱ ጻፈ። «ሰማዕታቱን ሰደበ» አለ ሌላው። «ይቀጣ!» «እጁ ይቆረጥ!» «ቤቱ የት ነው?» ቀጥሎ አንዱ የበራችንን ፎቶ ለጠፈ። በገዛ እጄ የሰፋሁት መጋረጃ ይታያል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እሱ ግን መነጽሩን ከፍ አድርጎ ያነባል። «ጁለኻ፣ እይው እስቲ፤ ‹ይቀጣ› የሚለውን እንኳ አጣመው ነው የጻፉት።»

ስልኩን ከእጁ ላይ መትቼ ጣልኩት። «አንተ ሰውዬ! ሊገድሉህ እየመጡ ፊደል ትቆጥራለህ?»

ያን ጊዜ አየኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃት ሲገባ ሳይ ከተጋባን ጀምሮ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር፤ የገዛ ፍርሃቴን አባሰው።

ሩክሳና ደወለች። እያለቀሰች ነው። «እማ፣ አባን ይዘሽ ውጪ! አውቶቡስ ያዙ!»

«በየት በኩል ልጄ? የሰፈሩን መውጫ በሞተር ሳይክል ዘግተውታል።»

ከዚያ የሞተሮቹ ድምፅ ወደኛ ቀረበ። በሩ ሲንኳኳ ቀስ ብሎ ነው። ሊቶን ጫማውን ከደጅ አውልቆ ገባ፤ ጎንበስ ብሎም ለአክብሮት የባሌን እግር ነካ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ግቢው ውስጥ የቀሩት ልጆች ዘይቱን ከዛፌ እያረገፉ ይበላሉ።

«ኻላ፣ ደኅና ነዎት?» አለኝ። አክስቱ አድርጎኝ ቁጭ አለ። «መምህር፣ ልጆቹን መያዝ አቃተኝ እኮ። ደማቸው ፈልቷል። እኔ ባልኖር ይሄኔ ቤቱ አይኖርም ነበር።»

«ያን መሥመር ፊቱ ላይ ብዬ አላሠመርኩትም» አለ ባሌ።

«አውቃለሁ! እኔ አውቃለሁ፤ ለነሱ ማን ያስረዳል? አይጨነቁ፣ ይቅርታውን ጽፈንልዎታል። እርስዎ በስምዎ መለጠፍ ብቻ ነው።» ስልኩን ዘረጋለት።

ባሌ አነበበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ዐይኑን ጨፈነ። ምን እንዳየ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም።

«ሐሳቡን ተቀብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ይቅርታ እጠይቃለሁ። ብቻ . . . ትንሽ ላስተካክለው?»

ሊቶን ፈገግ አለ። «ምኑን?»

ግቢ ውስጥ አንዱ ሞተሩን አስጓራ። «ምንም የሚስተካከል የለውም!» ብዬ በመካከላቸው ገባሁ። «በጣም ያምራል! ለጥፈው የሩክሳና አባት፣ በልጅህ ሞት ለጥፈው!»

ለጠፈው። እንዳለ፣ ከነስሕተቱ፣ አንዲት ፊደል ሳይነካ፣ በስሙ።

እነሱ ሄዱ፤ ሳቁ መጣ። «አራሚው ታራሚ ሆነ!» «ለካ ራሱም አይችልም!» «ሽማግሌው አንደኛ ክፍል ይግባ!» እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ሳቁበት፣ አልኩ በልቤ፤ ሳቁበት የኔ ልጆች፣ አትተዉት። የሚስቅ ሰው ቤት አያቃጥልም። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳ ያያል።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አንድ የድሮ ተማሪው፣ ቅን ልጅ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ይህን መምህራችን አልጻፈም። የሱን አጻጻፍ እናውቃለን። ማን አስገደደው?» ሌሎችም ተከተሉት። «እውነት ነው! ማን አስገደደው?» እያንዳንዷ ደግ ቃል እንደ ክብሪት ታየችኝ። ደጅ ላይ አንድ ሞተር መጥቶ ቆመ፤ አልጠፋም፣ አልሄደም፣ እዚያው ያጉረመርማል።

ስልኬን አነሣሁ። ይህን ጻፍኩ፦ «ልጆቼ፣ ራሱ ነው የጻፈው። ማንም አላስገደደውም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አእምሮው ይዘነጋል፣ ፊደሉም ይጠፋዋል። ዱዓ አድርጉለት።»

ሞተሩ ጥቂት ቆይቶ ሄደ።

ያልኩትን አሳየሁት። ሕይወቱን በሙሉ ያጠራቀመውን ስም በአንድ ጣቴ ስለጣልኩበት እንዲጮህብኝ፣ ቢያሻው እንዲመታኝም ፈለግሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጥሩ አድርገሻል» አለና ተነሥቶ የበሩን መቀርቀሪያ ፈተሸ።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ ጮክ እያለ፣ ቃል እየቆጠረ ያናግረዋል፤ እንደ ሕፃን። አሣ ሻጩ መልሱን እጁ ላይ ቆጥሮ ጣቶቹን ያጥፍለታል። የድሮ ተማሪዎቹ ሲያገኙት ዐይናቸው እንባ ያቀርራል። እሱም ይቀበላል። ስለ ጽሑፍ አንሥቶ አያውቅም፤ እኔም አልጠይቀውም።

ትናንት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሊቶን ነው፤ በአንድ እጁ የባሌን ዘንቢል፣ በሌላው የባሌን ክንድ ይዟል።

«ኻላ፣ ብቻውን አይልቀቁት እንጂ!» አለኝ፤ ከልቡ ተቆጥቶ። «ገበያ መሐል ቆሞ አገኘሁት። ‹ቤትዎን ያውቁታል ወይ?› ብዬ ብጠይቀው ‹ጠፋኝ ልጄ፣ አድርሰኝ› አለኝ።»

ባሌን አየሁት። ይህን ቤት ጡብ በጡብ ያሠራው እሱ ነው። ዐይኑ እንደ ጥንቱ ጥርት ያለ ነው፤ ከዐይኔ ላይ አይነሣም፤ እንዳላጋልጠው ይለምነኛል።

«አላህ ይስጥህ ልጄ» አልኩት ሊቶንን፤ ገብቶ ሻይ እንዲጠጣም ለመንኩት።