የአማቴ ጀልባ ሁለተኛ መቀመጫ

የማወራው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ መጋዜ ይደንዝ፣ መዶሻዬ ምስማሩን ትቶ አውራ ጣቴን ይምታ፣ እስከ ዛሬ የሠራኋቸው ወንበሮች ሁሉ በአንድ ቀን ይሰበሩ። አናጢ በወንበሩ ከማለ በኋላ የማያምን ሰው ዕድሜ ልኩን ቆሞ ይብላ።

ታሪኩን መጀመሪያ ያወራሁት ባለፈው እሁድ፣ በአማቴ ቤት፣ ምሳ ላይ ነው። ጠረጴዛውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ዝሆን ቢጨፍርበት አይነቃነቅም። በዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ፣ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። የአደን ፈቃድ ማመልከቻ ነው። በመጀመሪያው መስመር የአማቴ ስም ተጽፏል፤ ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው። እኔ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም ማለት ይቻላል፤ ያን ባዶ መስመር ነበር ስበላው የዋልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ፓርክ በዓመት ሦስት ቅዳሜ ብቻ የዳክዬ አደን ይፈቅዳል። በአንድ ጀልባ ሁለት ሰው፣ ለአንድ ሰው አራት ዳክዬ፤ አንዲት ላባ ብታልፍ ፈቃዱ ይነጠቃል። አማቴ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ጀልባም አደንም ይወዳሉ። በጀልባቸው ሁለተኛ መቀመጫ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው ግን የሚስቴ ታናሽ እህት ባል ነው፤ ጥርስ ሐኪሙ። እኔ፣ ትልቁ አማች፣ የዛፍን ቋንቋ የማውቅ ሰው፣ ከሣሩ ላይ ቆሜ እጄን ሳውለበልብ ነው የኖርኩት። ዙሪያዬን ሰው ድንኳኑን ይተክላል፣ ባልና ሚስት የኪራይ ብስክሌት ላይ ይንገዳገዳሉ፣ ኳስ መጥታ ጀርባዬን ትመታኛለች። እነሱ ወደ ደንገሉ ገብተው ይጠፋሉ።

ታዲያ ባለፈው ዓርብ ሐኪሙን ወገቡን ያዘው። እኔ በሰው ሕመም የምደሰት ሰው አይደለሁም፤ ትንሽ ብቻ ነው ያፏጨሁት። ቅዳሜ ከአማቴ ጋር የሄድኩት እኔ ነኝ። እሁድ ምሳ ሲደርስ ያ ዓርብ የያዘው ወገብ ለቀቀ፤ ሐኪሙ እንደተላገ ጣውላ ቀጥ ብሎ ከፊቴ ተቀምጧል። የቀረችው አንዲት ቅዳሜ ናት። ሁለተኛው መስመር ላይ የማን ስም ይጻፍ?

«እስቲ ትናንት እንዴት ዋላችሁ?» አለ ሐኪሙ፣ ወረቀቱን በአንድ ዓይኑ እያየ።

አማቴ መብላታቸውን ቀጠሉ። እሳቸው ገበታ ላይ አይናገሩም፤ ሰው ተሳሳተ ብለው ሲያርሙም በዚህ ቤት ታይቶ አይታወቅም። የእሳቸው ዝምታ ለእኔ ማኅተም ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የተነሣነው» አልኩ። «ጉሙ እንዴት ያለ ጉም መሰላችሁ፤ መጋዜን ይዤ ባልሄድ ኖሮ ቆርጠን አናልፍም ነበር። አንዴ ቀዘፍኩ፤ ዳር ያሉት ድንኳኖች ከኋላችን እንደ ሰሊጥ አነሱ። ሁለቴ ቀዘፍኩ፤ የፓርኩ የሞተር ጀልባ ከኋላ እየጮኸ መጣ። ‹ወንድም፣ እባክህ ቀስ በል፣ ማዕበልህ የሰው ድንኳን ሊወስድ ነው› አለኝ ነጂው።»

«ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥን ስትገፋ ትንፋሽ አጥሮህ ውኃ ያጠጣሁህ እኔ ነኝ» አለች ሚስቴ።

«ቁም ሣጥን አይንሳፈፍም። ነገር አታቋርጪኝ።»

ከዚያ ወደ ዳክዬዎቹ ገባሁ። ሐይቅ ላይ አዳኝ የእንጨት ዳክዬ ይበትናል፤ እውነተኛዎቹ ወገን ያገኙ መስሏቸው እንዲያርፉ። ሰው ፕላስቲክ ይገዛል። እኔ አሥራ ሁለት ዳክዬ ከእንጨት ጠርቤ፣ ላባ በላባ ቀለም ቀብቼ ነበር። ውኃው ላይ ሳስቀምጣቸው አንዷ ወደ ኋላዋ ዞራ ያየችኝ መሰለኝ።

«አንድ ወንድ ዳክዬ ከሰማይ ወርዶ ሦስተኛዋን ያሽኮረምማት ጀመር» አልኩ። «ክንፉን ያራግፋል፣ ይዞራታል፣ አንገቱን ይሰብቃል።»

«ለምን ሦስተኛዋን?» አለ ሐኪሙ።

«አንገቷ ቀጠን ያለች ናት። ዳክዬም ምርጫ አለው፤ ያገኘውን አፍ ሁሉ የሚከፍት አንተን መሰለህ?»

ሚስቴ ሳቋን በውኃ ብርጭቆ ሸፈነች። በረታሁ።

«የእንጨቶቹን ዳክዬዎች ሰብስበን ጀልባው ላይ እንደ ደረደርናቸው የፓርኩ ጠባቂ በሩቅ ማያ መነጽሩ አየን። እየቀዘፈ መጣ፤ ፊቱ ጠቁሯል። በጣቱ ቆጠረ። ‹ለሁለት ሰው የተፈቀደው ስምንት ነው። እናንተ አሥራ ሁለት ይዛችኋል። ፈቃዳችሁን አምጡ› አለ። አባባ ደነገጡ፤ የአርባ ዓመት ፈቃድ ነው። እኔ ምንም አልተናገርኩም። አንዷን ዳክዬ አንሥቼ እንደ ሰው በር ጀርባዋን አንኳኳሁ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጠባቂው ጠጋ አለ። ራሱም አንኳኳ። አላመነም፤ ምንቃሯን ከፍቶ ምላሷን ሊያይ ሞከረ። በመጨረሻ ባርኔጣውን አወለቀ። ‹ሃያ ዓመት ወፍ ጠብቄያለሁ፣ እንዲህ ያለ ውርደት አልደረሰብኝም። አንዷን ለቢሮዬ ትሸጥልኛለህ?› አለኝ።»

«ሸጥክለት?» አለች ሚስቴ።

«ሰጠሁት። እኔ በሰው ውርደት አልነግድም።»

«እሺ፣ እውነተኛዎቹስ?» አለ ሐኪሙ። ይህ ሰው ጥርስ ሲነቅልም እንዲህ ነው፣ አይለቅም። «ስንት መታህ?»

«ስምንት። በሁለት ጥይት። የመጀመሪያዋ አምስቱን ወሰደች፣ ሁለተኛዋ ሦስቱን። ዘጠነኛዋ ደንገሉ ላይ ሆና አየችኝ፤ አየኋት። ‹ሂጂ፣ ልጆችሽን አሳድጊ› አልኳት። ሕግ ሕግ ነው።»

«አንተ እኮ ቤት ውስጥ ዝንብ ስትመታ መስኮት የምትሰብር ሰው ነህ» አለች ሚስቴ። «ደግሞስ ስምንቱ ዳክዬ የታለ? ባዶ እጅህን አይደል የገባኸው?»

ይህን ጠብቄው ነበር። «ድንኳን ተክለው ላደሩት ሰዎች አከፋፈልኩ። አንዲት እናት እጄን ልትስም ስትል ከለከልኳት። ተመልሰን ስንመጣ ሣሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ብስክሌት ላይ ያሉት እጃቸውን ለቀው ሲያጨበጭቡ ወደቁ። አባባም አቅፈውኝ፣ ‹ልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የት ነበርክ?› ብለው እንባቸው—»

አማቴ ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ።

ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁላችንም ዞረን አየናቸው። ሐኪሙ እጁን ወደ ወረቀቱ ሰደድ አደረገ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት ወንበር ቆረቆረኝ።

«ጀልባዋ ከማሰሪያዋ አልተፈታችም» አሉ አማቴ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ስለ አየሩ ጠባይ እንደሚያወሩ። «ይኼ ሰው ዓርብ ማታ ሊያስደስተኝ ብሎ ሁለቱንም መቀመጫ ቫርኒሽ ቀብቷቸው ኖሯል። ስንቀመጥ አልደረቀም። ልንነሣ ስንል ተጣበቅን።»

ሚስቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ጠባቂው ሱሪያችንን የሚቆርጥበት መቀስ ፈልጎ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ዳክዬዎቹ አጠገባችን ድረስ እየዋኙ መጥተው አይተውን ሄዱ። የእንጨት ዳክዬ የሚባል ነገር የለም። ጥይት አልተተኮሰም። አሁን የሰማችሁትን ሁሉ እዚያው ተጣብቀን ሳለን ነው ሲያወራልኝ የነበረው፤ ያኔ ስድስት ዳክዬ ነበር፣ ዛሬ ስምንት ሆኗል። እኔ በሳቅ ጎኔን ሲያመኝ ዋለ፤ መጨረሻ እንዲያ የሳቅኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ሐኪም፣ አንተ ደግ ልጅ ነህ፤ አሥራ አንድ ዓመት ግን አብረን ዝም አልን። ወገብህን አሳርፈው።»

ወረቀቱን በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ ገፉት።

«ቅዳሜም እሱ ይምጣ» አሉ። «ብቻ ጀልባዬን በቫርኒሽ እንዳይነካብኝ።»